ሬሳ ተሸካሚው

ሞጣ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ማናለሽ
ቢቸና

የሞጣው ጊዮርጊስ ከደጅዎ ሰላም አያጥፋ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኔ ከጉንፋን በቀር ደህና ነኝ። የስልኩ መስመር ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ ድሮው ወረቀት ላይ ወድቋል፤ ይህችንም የምልካት ጤፍ ሊጭን በሚወርድ ነጋዴ እጅ ነው። ተከፍታ ከደረሰችዎ ይንገሩኝ፣ ሰው እለውጣለሁ።

ስለዚያ ጉዳይ ልጀምር፤ ሌላውን ባወራም ልቤ እዚያው ነው። ኅዳር ላይ ስልኩ ለአንድ ቀን ብልጭ ባለ ጊዜ የነገርኩዎን ከእርስዎ ሌላ የሰማ ሰው አለ? እዮብን እዚህ ከቀበርነው ይኸው ጥምቀት አለፈ። እናቱ እትዬ ፈንታነሽ ግን ልጄ አለ ብለው እየጠበቁ ነው። ያን ዕለት የተስማማነው መንገዱ ሲከፈት እኔ መጥቼ፣ ሽማግሌ ይዘን፣ ንጋት ላይ በወጉ እንድናረዳቸው ነበር። «መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ የቀበረው ሰው ቆሞ ካልተናገረ እናት አታምንም» ብለውኛል። እኔም አምኜበታለሁ። መንገዱ ግን ዛሬም ዝግ ነው። እትዬ ፈንታነሽ ምን እያሉ ነው? ምን እያሏቸውስ ነው?

እስኪ ትንሽ ጨዋታ ላምጣልዎ። ትምህርት ቤታችን ሲከፈትም ሲዘጋም ከርሞ ሰሞኑን ከፍቷል። ከክፍሉ ጀርባ በግንቡ ሥር የጉንዳን መንገድ አለ፤ ተማሪዎቼ «መምህር፣ የሚሄድ ቆሻሻ አየን» ብለው ጠሩኝ። እውነትም የቆሻሻ ክምር ይሄዳል። በማጉያ መነጽር ስናየው ቆሻሻ ያልነው የሞቱ ጉንዳኖች ክምር ነው፤ ከሥሩ አንድ ትንሽ ነፍሳት አለ። በሳይንሱ ነፍሰ ገዳይ ትኋን ይሉታል፣ የትኋን ሩቅ ዘመድ ነው። የገደላቸውን ጉንዳኖች ጀርባው ላይ ቆልሎ በመንገዳቸው ዳር ይቆማል። ሕያዋኑ መጥተው በቀንዳቸው ይነኩታል፣ የሚሸታቸው የራሳቸው ወገን ነው፣ አልፈውት ይሄዳሉ። አንዷ ስትዘገይ ከአንገቷ መጋጠሚያ ላይ በመርፌ አፉ ይወጋታል። የሚረጭባት ምራቅ ሆድ ዕቃዋን ወደ ውኃ ይለውጠዋል፤ እሱም እንደ ጠላ መጥጦ ይጨርሳትና ቀፎዋን ወደ ጀርባው ይወረውራል። ተማሪዎቹ «ሬሳ ተሸካሚው» ብለውታል። ከመጽሐፉ ስም ይልቅ እኔም ይኼኛውን ወድጄዋለሁ። አንዱ ልጅ በጣቱ ነክቶት ነደፈውና ቀኑን ሙሉ አለቀሰ።

ክፉ ብቻ እንዳይመስልዎ ደግሞ። የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ አለ፣ በባቄላችን ላይ የሚወጣውን ትል እየለቀመ የሚበላ።

መልስዎን እጠብቃለሁ። የእዮብን እህት መክሊትን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ምንይሉ


ቢቸና፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመምህር ምንይሉ
ሞጣ

ደብዳቤህ ሳትከፈት ደርሳለች፤ ያመጣት እጅ ይባረክ። አንተ ልጅ ግን ሚስት አግኝቻለሁ ብለህ ትጽፍልኛለህ ስል ትኋን አገኘሁ ትለኛለህ? ቢቸና ትኋን ያጣ መስሎህ ነው? የስሜነሽ ልጅ፣ እናትህ ብትኖር ይህን ሰምታ በሳቅ ትሞት ነበር።

ጉልበቴ እንደ ቀኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ፣ ሱቄንም እከፍታለሁ። ክርና መርፌ የሚገዛ ግን ጠፍቷል፣ ሰው ሁሉ የቀደደውን ይዞ ነው የሚውለው።

ስለ እህቴ ስለ ፈንታነሽ ጠይቀኸኛል። አልነገርኳትም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅም የለም። በየቀኑ ሱቄ ደጃፍ መጥታ «ከእዮቤ ምን ሰማሽ?» ስትለኝ አንድ ቀን አንደበቴ አመለጠኝና «መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል አሉ» አልኳት። ፊቷ ሲበራ አይቼ መመለስ አቃተኝ። በሌላው ሳምንት «እዚያው መጋዘን ጥበቃ ይዟል» አልኳት። መንገደኛ ሲመጣ ደግሞ «ሰላም ብሎሻል» እላታለሁ። ምን ላድርግ? አንተ እስክትመጣ መቆያ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ዝም ባልኩ ይሻል ነበር፣ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

አሁን ምስጋናዬን ልንገርህ። የላክኸው ሰው ደርሶልናል። በገበያ ቀን ፈንታነሽ እየሮጠች መጣች። ስትሮጥ ያየኋት በሠርጓ ማግስት ነው። «የእዮቤ ጓደኛ ከመተማ መጣ!» ትላለች። ሄጄ ባይ አንድ ረጅም፣ ፊቱ ሰልካካ ሰው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ይታያል እባላለሁ አለኝ። የለበሰው የእዮብን ጃኬት ነው፣ ያንን ክንዱ ላይ ቢጫ መስመር ያለውን። ትኩር ብዬ ሳየው «እዮብ ነው የሰጠኝ፤ ብርድ ነው ወንድሜ፣ ልበስ አለኝ» አለ። ፈንታነሽ «መጋዘኑ እንዴት ነው?» ስትለው «ደህና ነው፣ አለቃው ይወደዋል» ይላል። እኔ ከፈጠርኩት አንድም አላፋለሰ። በሆዴ «አይ ምንይሉ፣ ብልሃተኛው ልጄ፣ ውሸቴን የሚያጸናልኝ ሰው ላከልኝ» ብዬ አደነቅሁህ። ግን ይህን ያህል እንደዋሸሁ በማን ሰማህ?

ለማንኛውም እግዜር ይስጥልኝ። ፈንታነሽ ከዚያ ወዲህ እህል መብላት ጀምራለች።

አክስትህ ማናለሽ


ሞጣ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ማናለሽ፣

ሰላምታውን ለኋላ ያቆዩልኝ። እኔ ማንንም አልላክሁም። ይህን መስመር ደግመው ያንብቡት፤ እኔ ማንንም አልላክሁም።

ጃኬቱ የእዮብ ለመሆኑ አልጠራጠርም። እዮብ የጭነት መኪና ረዳት አልነበረም? ሞጣ ላይ ትኩሳቱ ሲጸናበት ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ የመጣው በሸሚዝ ብቻ ነው። ጃኬቱና ቦርሳው መኪናው ላይ ቀሩ። ከጫኞቹ አንዱ ይታያል እንደሚባል እዮብ ራሱ ሲያነሳው ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ቀብሩ ላይ ቆሟል፤ ለጫኞቹም ሳይነግር አይቀርም። ስለዚህ ይህ ሰው እዮብ መሞቱን ያውቃል። እያወቀ ነው የሞተ ሰው ልብስ ለብሶ ከእናቱ መደብ ላይ የተቀመጠው።

እንዴት ደፈረ ይሉኝ ይሆናል። እኔ የሚመስለኝን ልንገርዎ። ቢቸና ሲገባ መጀመሪያ ያየው የእትዬ ፈንታነሽን ልብስ ነው። ጥቁር የለም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ጎረቤት አንገቱን አልደፋም። ይህች እናት አልተረዳችም ማለት ነው። ያልተረዳች እናት ቤት ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ ስለ ልጇ አንድ ቃል ይዞ ለመጣ ሁሉ።

ባለፈው ስለዚያ ነፍሳት ሳወራዎ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ቀርቻለሁ። ሬሳውን ከመሸከሙ በፊት አቧራ ይለብሳል። በኋለኛ እግሮቹ አፈሩን እየጫረ ገላው ላይ ያለው የሚያጣብቅ ጠጉር ላይ ይነሰንሰዋል፤ አፈሩንም የሚጭረው ከጉንዳኖቹ ቤት አፍ ላይ ነው። ሬሳው ከዚያ በላይ ነው የሚደረበው። እትዬ ማናለሽ፣ መተማን ይህ ሰው አላመጣትም። መጋዘኑንም እሱ አልሠራውም፤ ከእናትየዋ አፍ ነው የሰማው። እኛ አዘጋጅተን ጠበቅነው፣ እሱ እላዩ ላይ ተንከባለለበት። እኛ የምለው እኔም ዝም ስላልኩ ነው።

ስለዚህ ወጉን እንተወው። ሽማግሌም ንጋትም አይጠብቁ። ይንገሯቸው። ይህ ነፍሳት አንዴ አፉን ካስገባ በኋላ ጉንዳኗ አትጮህም፣ ቆማ ነው የምታልቀው።

ምንይሉ


ቢቸና፣ መጋቢት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ደብዳቤህ በዚያ ነጋዴ ኪስ ስትንከራተት ከርማ ጾም ከገባ በኋላ ደረሰችኝ። አንብቤ ጨርሼ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እኔ ነኝ።

ሰውዬው ሄዶ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ውኃ ጠየቀ፣ ከዚያ አንድ ቀን አደረ። ከዚያ አጥሩን ጠገነ፣ ሰውም «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» አለ። አይቸኩልም ምንይሉ። ፈንታነሽ ስትጠራጠር ዝም ይላል፣ ስትረሳው አንድ እርምጃ ይጠጋል። አንድ ቀን «እናቴ» አላት። አሁን የእዮብን ድርሻ መሬት በእኩል ሊያርስ ተስማምቷል፤ ጊደሯንም አምበር ገበያ ወስዶ ሸጧታል፣ «እዮብ መሸጋገሪያ አጥቷል» ብሎ። እህቴ የሚበላውን ሁሉ ለእሱ እያቀረበች እሷ ጾም በጾም ላይ ደርባ ከስታለች፤ ነጠላዋ ሥር ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየው። ደስ ብሏት ነው የምትከሳው። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ከሁሉ የከፋውን ግን አሁን ልጻፍ። ሐሙስ ዕለት «እዮብ እህቴን አምጣልኝ ብሎ በመንገደኛ ልኮብኛል» አለ። መክሊትን። ሥራ ይዞላታል፣ ቤት ተከራይቶላታል ይላል። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ይዟት ሊሄድ ነው። ትምህርቷ ከተቋረጠ ወዲህ ልጅቷ ቤት ውስጥ ታፍና ስለኖረች ወንድሜን አያለሁ ብላ እግሯ መሬት አይነካም። ጫማ ገዝታለች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ጠረፍ ከዚህ ሰው ጋር! ወንድሟ እንደሌለ ስታውቅ የት ደርሳ ይሆን? ከማንስ እጅ ገብታ?

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?» ትለኛለህ። ሦስት ጊዜ ደጃፏ ደርሼ ተመልሻለሁ። እሱን ላጋልጥ ስል ራሴን ነው የማጋልጠው። «በምን አወቅሽ?» ብትለኝ ምን እላለሁ? ከኅዳር ጀምሮ አውቄ ከእሷ ጋር ስስቅ ነበር ልበል? ገና አብረን አልበላንም? በጥምቀት አልጨፈረችም? ፈራሁ ልጄ። እሷን አይደለም የፈራሁት፣ ዓይኗን ነው።

እባክህ ና። የቀበርከው አንተ ነህ፣ ቃሉ ያንተ ነው። እኔ ብናገር «ማናለሽ ቀናችብኝ» ትላለች፤ አንድ ጊዜ ስለ እሱ ባጉረመርም እንዲያ ብላኛለች። በግርህም ቢሆን ና።

አክስትህ ማናለሽ


ሞጣ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ ማናለሽ፣ የሰሙነ ሕማማት በረከት አይለይዎ።

ይህችን የሚያደርሱልዎ በእግራቸው ወደ ደብረ ወርቅ የሚያልፉ አንድ ቄስ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ በሰው በሰው ትደርሳለች ብለውኛል። ለመምጣት ሁለት ጊዜ ወጥቼ ነበር። መጀመሪያ በመኪና፣ ቀጥሎ በእግሬ። ሁለቴም ከከተማው ብዙ ሳልርቅ ታጣቂዎች መንገድ ላይ መልሰውኛል። የፋሲካ ማግስት ደግሜ እሞክራለሁ፣ ግን በእኔ ላይ ተስፋ አድርገው እንዳይቀመጡ። እሱ የቀጠረው ቀን አይጠብቀኝም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አሁን ግን መፍሰሱ ይሻላል። የእትዬ ፈንታነሽ ዓይን እኔንም ያስፈራኛል። ቢሆንም እትዬ፣ እዮብ አንዴ ሞቷል፣ ከእንግዲህ የምናጣው የለንም። መክሊት ግን አለች።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። ያ ነፍሳት ሲያዝ አይዋጋም። ሸክሙን ጥሎ ያመልጣል። ያዢው ሬሳውን ይዞ ሲቀር እሱ ባዶ ገላውን ሌላ ጉድጓድ ገብቶ ሌላ ሬሳ መሰብሰብ ይጀምራል። ስለዚህ ሰውየውን ለመያዝ አይድከሙ። ልጅቷን ይያዙ።

ምንይሉ


ቢቸና፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ

መክሊት እዚሁ ናት። እጅህ ላይ ይህች ወረቀት ስትደርስ መጀመሪያ ይህን እንድታነብ ብዬ ነው።

ደብዳቤህን ያገኘኋት በመሄጃቸው ቀን ጠዋት ነው። አንብቤ ስጨርስ ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ነው የሄድኩት። ሽማግሌ የለ፣ ንጋት የለ፣ ፀሐዩ ከወጣ ቆይቷል። ፈንታነሽ ለመንገድ ዳቦ ቆሎ በከረጢት እየቋጠረች ነበር። መክሊት አዲሱን ጫማ አድርጋ ደጁ ላይ ቆማለች። እሱ ጃኬቱን ለብሶ የልጅቷን ሻንጣ በገመድ ያስራል።

«ፈንታዬ» አልኳት።

«መጣሽ? እኔማ ሳትሰናበቻት የምትቀሪ መስሎኝ» አለችኝ።

«ፈንታዬ፣ እዮብ መተማ የለም።»

«የት ሄደ?»

ስንት ቤት መርዶ ሄጃለሁ፣ ስንት ሴት ደግፌ ይዣለሁ። የራሴ ሲሆን ቃሉ ሁሉ ሸሸኝ። «ሞጣ ጊዮርጊስ ነው ያለው። ኅዳር ላይ ምንይሉ ቀብሮታል» አልኩ።

ሰውዬው ቀና አለ። አልደነገጠም፣ እያየኝ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ምን ነካዎት? እኔ ጥር ላይ አብሬው በልቼ ነው የመጣሁት» አለ። ያ ፈገግታው ነው ያሳበደኝ። ሄጄ የጃኬቱን አንገት በሁለት እጄ ጨመደድኩት። «በሞጣ ከመኪናው ላይ የሰረቅኸው ነው! ሾፌሩ ቀብሩ ላይ ቆሟል!» እያልኩ ጮህኩ። ጎረቤት ወጣ። ልታምነኝ ነው? አልገፋኝም፣ አልመታኝም። ትከሻውን እንዲህ ሰበቅ አደረገ፣ እጁን አወጣ፣ በአጥሩ ላይ ዘለለ፤ ያውም ራሱ በጠገነው አጥር። ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ። ልጆቹ እስከ ወንዙ ተከትለውት አልደረሱበትም። በኋላ የጥኖራ ገበያ ላይ በሸሚዝ አይተነዋል የሚሉ መጥተዋል። ያ የትኋን ወሬህ አንድም አልቀረ፣ ሁሉም ደረሰ።

መክሊት እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። እሷ ገባት። ወደ እኔ መጥታ አንገቴ ሥር ገብታ አለቀሰች።

ፈንታነሽ ግን አላለቀሰችም። ጎረቤቶቹ እሪ ሲሉ «ዝም በሉ! ቤቴ ማን ሞቶ ነው?» ብላ አስቆመቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲህ አለችኝ። «ደህና ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሰላም ብሎሻል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እሱም መጥቶ ደህና ነው አለኝ። ዛሬ ደግሞ ሞቷል ትይኛለሽ። የትኛውን ነው የማምነው?»

«ማርያምን እውነቴን ነው» አልኳት። «ያን ጊዜም ማርያምን ብለሽኛል» አለች። እውነቷን ነው፣ ብያታለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም፣ ጥቁርም አልለበሰችም። ድንኳን ይተከል ሲሏት ትቆጣለች። ጃኬቱን ከእጄ ተቀብላ አጥባ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። በር ላይ ተቀምጣ ከመተማ የሚመጣ ሰው ትጠይቃለች። መክሊት ደጋግማ ብትለምናትም አትሰማም። ልጄ፣ ሰው ከሐዘን የባሰ ነገር አለው ወይ ብትለኝ አሁን አይቻለሁ።

ትናንት አንድ ነገር ተናገረች። «ያ መምህር አጠብኩት ካለ፣ በልጄ ገላ ላይ ያለውን ይንገረኝ። እኔ የማውቀው አለ፣ አንቺ አታውቂውም፣ መክሊትም አታውቀውም። ከነገረኝ አምናለሁ» ብላለች። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ አልነገረችኝም። አላመነችኝም፣ ለአንተ አስቀድሜ የምነግርህ መስሏት። ትክክል ናት።

እንግዲህ የምታውቀው ካለ ጻፍላት። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ጻፍላት።

ማናለሽ


ሞጣ፣ ግንቦት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ፈንታነሽ፣ በእህትዎ አፍ የሚነበብ

እትዬ ፈንታነሽ፣ ምንይሉ ነኝ፣ የስሜነሽ ልጅ። እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አይጻፍም። ወጉን አውቃለሁ፣ ወጉን ስጠብቅም ነው ይህ ሁሉ የደረሰብዎ። ስለዚህ እጽፋለሁ። እባክዎ ይቀመጡ። እትዬ ማናለሽ፣ እርስዎም አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ቢገፉዎትም አይነሱ።

እዮብ ሞቷል። ኅዳር 17 ቀን ረፋድ ላይ፣ እኔ ቤት፣ በወባ ነው የሞተው። ከሰኞ ጀምሮ ታሞ ነበር። መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን አዳርሻለሁ፣ በዚያ ሰሞን አልተገኘም። ሲያንቀጠቅጠው የነበረኝን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራርቤለታለሁ፣ ሲያተኩሰው ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገው ነበር። ብቻውን አልነበረም። ይህን ይያዙልኝ፣ አንድም ሰዓት ብቻውን አልነበረም።

እኔና ሁለት የሰፈር ሰዎች አጠብነው። ውኃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ጃኬት የለበሰ ሰው ስለ ጃኬቱ ያወራል፣ እርስዎ የጠየቁኝ ግን ከዚያ በታች ያለውን ነው። ከግራ ትከሻው አጥንት ሥር፣ ወደ አከርካሪው ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል የቆየ ጠባሳ አለ። ከሌላው ቆዳ ነጣ ይላል፣ ሲነኩትም ይለሰልሳል። ዓይኔ ሳይሆን እጄ ነው ያገኘው። የምን ጠባሳ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ምልክት አላየሁበትም። ማተቡን አልበጠስንም፣ አብሮት ነው ያለው።

ገንዘን፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ጊዮርጊስ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ አረፈ። ድንጋዩን እኔ ነኝ የደረደርኩት፤ ክረምቱ እንዳያፈርሰው እየሄድኩ አያለሁ።

ትኩሳቱ ሲበረታ ስለ መክሊት ጫማ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ። እገዛላታለሁ ይል ነበር። ለእርስዎ ያለው የመጨረሻ ቃል ቢኖር በዚህች ወረቀት ላይ ከሁሉ በፊት እጽፈው ነበር። የለም። በመጨረሻው ቀን መናገር አቅቶት ነበር። አንድ ጥሩ ቃል ፈጥሬ ልልክልዎ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ከእንግዲህ ስለ ልጅዎ ከእኔ አፍ ያልሆነ ነገር አይሰሙም።

እትዬ፣ ከመተማ የሚመጣ ሰው የለም። ያልቅሱ።

ምንይሉ


ቢቸና፣ ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለምንይሉ

አነበብኩላት። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እንዳልከው። ጠባሳው ጋ ስደርስ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ጧፍ ነው» አለች። «ሕፃን ሳለ አዝዬው ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቆሜ፣ ከኋላዬ የነበረችው ሴት ጧፍ አቃጠለው። ሲያለቅስ የራበው መስሎኝ ጡት አጠባሁት። አባቱ እንዳይቆጣኝ ለማንም አልተናገርኩም።»

ከዚያ «ጨርሺው» አለችኝ። ጨረስኩት። ተነስታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ልጄን ወባ ወሰደብኝ። ለቅሶዬን ግን አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ።» እስካሁንም ሌላ ቃል አላወጣችልኝም። ውኃ እቀዳላታለሁ፣ እሳቷን አነድዳለሁ፣ እሄዳለሁ።

ድንኳኑ ተተክሏል። ሬሳ ስለሌለን ጃኬቱን ከግድግዳው አውርዳ ራሷ መሐል ላይ ዘረጋችው፣ ሴቱ ሁሉ እሱን ከቦ ያለቅሳል። ያ ሰው ባያመጣው ኖሮ በምን እናለቅስ እንደነበር እንጃ። ይህን ሳስብ እረግመዋለሁ፣ ደግሞ መርገሙ አፌ ላይ ይቀራል።

የጥኖራም ሆነ ሌላ አገር የምታውቀው ሰው ካለህ ጻፍ። ልጁ ሞቶበት ያልተረዳ ቤት ካለ ዛሬውኑ ያርዱት። ንጋትም አይጠብቁ።

መንገዱ ሲከፈት ለተዝካሩ ድረስ። ፈንታነሽ የምታናግረው አንተን ብቻ ነው።

ማናለሽ